ሰኞ ሰኞ የሚላላ ቀበቶ

አባቴ የወደቁት ኅዳር ላይ ነው፤ የጤፍ ነዶ ተሸክመው ከእርከን ሲወርዱ። የቀኝ ጉልበታቸው ሎሚ ተሰበረ። ከገበዝ ማርያም ወዲያ ካለው መንደራችን እስከ መኪናው መንገድ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ ከዚያ በመኪና ፍኖተ ሰላም አደረሷቸው። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ እግራቸው በጀሶ ታሰረ፣ እኔ ቤት ተኙ። ከጥምቀት በኋላ ጀሶው ሲፈታ ግን ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። እግራቸው አልጋው ላይ እንደ ሞፈር ቀጥ ብሎ ቀረ።

በሆስፒታሉ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አየቻቸው። ለስላሳ ልጅ ናት። ጉልበቱን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያለች ስታጥፈው አባቴ ጥርሳቸውን ነክሰው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«አባቴ፣ ይህ በየቀኑ ጧትና ማታ መታጠፍና መዘርጋት አለበት» አለቻቸው። «ግን ቀስ ተብሎ ነው። ጉልበት ኃይል አይወድም፤ አንዴ ከፈራ ጭራሽ ይደርቃል።»

«ለስቅለት ይደርሳል?» አሏት።

ልጅቱ ወደ እኔ ዞር አለች። አባቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስቅለትን ሲሰግዱ የሚውሉ ሰው ናቸው። እናቴ በሞተችበት ዓመት እንኳ፣ ከአርባዋ ማግሥት፣ ሰውነታቸው በሐዘን አልቆ ሳለ ሰግደዋል። ከሆስፒታሉ በባጃጅ ተመለስን። ቤት ደርሰን ደግፌ ሳወርዳቸው ነው የተናገሩት።

«ሰው ሁሉ ሲወድቅ ሲነሣ እኔ እንደ ግንድ ተገትሬ ስቅለትን አላሳልፍም፤ ይህን ተማይ ባልኖር ይሻለኛል» አሉ።

በዚያው ዕለት የራሳቸውን መለኪያ አወጡ። ስግደት ማለት ተረከዝ ወደ መቀመጫ ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ አልጋው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን የቻሉትን ያህል ሳቡና ከተረከዛቸው እስከ መቀመጫቸው ያለውን በስንዝር ለኩት። አራት ስንዝር ሆነ። እግሩ ምንም አልታጠፈም ማለት ነው።

ባለሙያዋ ግን ከክፍሉ ሳንወጣ አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። በትልልቅ ከተሞች ይህን የሚሠራ ማሽን አለ፤ እግሩን አስተኝቶ ራሱ ያጥፋል፣ ራሱ ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። እኔ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ጥገና አስተምራለሁ። የተበላሸ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል፤ ሌላ ሰው ሲጠግነው ቆሜ ማየትም አልችልም። ይህን ጠባዬን ተማሪዎቼ ያውቁታል፤ ለትዳር ጠይቀውኝ የነበሩ ሁለት ሰዎችም አይተውታል።

ማሽኑን በሁለት ሳምንት ሠራሁት። ሞተሩ ከአሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ የወጣ ነው። ጥርስ ያለውን ረጅም የላስቲክ ቀበቶ ከተበላሸ የባነር ማተሚያ ፈታሁት። ለማንሸራተቻ የሆኑት ኩሽኔቶች የባጃጅ ናቸው። ቀበቶው የሚዞርባቸውን ሁለት ፑሊዎች ፍኖተ ሰላም አጥቼ ቡሬ ድረስ ሄጄ ከወዳደቀ ብረት መካከል ለቀምኋቸው። አናጺ የዋንዛ ፍሬም አበጀልኝ። በፍሬሙ ላይ ሁለት ቧንቧ ዘረጋሁ፣ በቧንቧዎቹ ላይ እግር የሚተኛባት ትንሽ ጋሪ አስቀመጥሁ። ሞተሩ ቀበቶውን ሲስብ ጋሪዋ ወደ መቀመጫ ትመጣለች፣ ጉልበት ይታጠፋል። ጫፍ ደርሳ ማብሪያውን ስትነካ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ጉልበት ይዘረጋል።

አንድ ነገር ግን አበላሸሁ። ቀበቶውን የሚወጥረውን በእጅ የሚዞር ብሎን ከአልጋው ግርጌ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ አድርጌ አሰርሁት። ሊያጠብቅ የፈለገ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ አንገቱን አጎንብሶ ነው። ተማሪዬ እንዲህ ቢሠራ ኖሮ አፈርሰው ነበር። የራሴ ስለሆነ ግን አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ ብዬ ተውሁት።

አባቴ ማሽኑን ከፊት አዩት፣ ከኋላ አዩት፣ ቀበቶውን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

«ገለባ የማይጠይቅ በሬ አመጣሽልኝ እንበል?» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ስሙ በሬው ሆነ። ጧት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ስመለስ ግማሽ ሰዓት። ጋሪዋ ትሄዳለች ትመጣለች፣ አባቴ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ እኔ የማጠፊያውን ልክ በየሁለት ቀኑ የጣት ውፍረት ያህል እጨምራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አራቱ ስንዝር ሦስት ተኩል ሆነ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉኝ።

«እንቁላሉስ ሄደ አባባ፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት» አልኋቸው።

ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ሰኞ መጣ። ማሽኑን አስነሣሁ፤ ጋሪዋ መጣች፣ ጉልበታቸው ታጠፈ፣ ማብሪያውን ነካች። ሞተሩ ወደ ኋላ መዞር ጀመረ። ጋሪዋ ግን ዝም አለች። ቀበቶው መጀመሪያ ልልነቱን ሰበሰበ፣ ከዚያ ገጭ ብሎ ሳባት። ብረት ላይ ቢሆን ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ይህ ግን እስከ መጨረሻው በታጠፈ፣ ገና ባልጠና ጉልበት ላይ ነው።

«ወይኔ እመቤቴ!» አሉ አባቴ።

ሞተሩን አጠፋሁት። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ልጅቱ ከፈራ ይደርቃል ያለችው ትዝ አለኝና እኔ ከሳቸው የባሰ ደነገጥሁ።

«ሰኞ አይደል፤ በሬም ሰኞ ያስቸግራል» አሉኝ፣ እኔን ለማጽናናት።

ተንበርክኬ ቀበቶውን አጠበቅሁት። ገጭታው ጠፋ። ነገሩ አለቀ ብዬ ሥራ ሄድሁ። በዚያው ሳምንት መካከል፣ አንድ ጧት፣ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ወር እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔ አውቃለሁ። መጀመሪያ የሞተሩን ፑሊ ጠረጠርሁ፤ የያዛት ብሎን ዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ይሆናል ብዬ ዘንጉን በሞረድ ጠፍጠፍ አድርጌ ብሎኑን እዚያ ላይ አሳረፍሁት። ሦስት ቀን ደህና ሆነ፤ ከዚያ ገጭ። ኩሽኔቶቹን ጠረጠርሁ፤ ጋሪዋን ይዤ ግራና ቀኝ ስወዘውዛት ትንሽ ትላወሳለች፤ በአዲስ ቀየርኋቸው። ገጭ። የዋንዛው ፍሬም ሲደርቅ እየተጣመመ ነው ብዬ ማዕዘኖቹን በብረት አሰርሁ። ገጭ። አንድ ጊዜ በንዴት ብሎኑን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዘው ሞተሩ አቃሰተ፣ የግርጌው ፑሊ ዘንግ ጎበጠ፤ ሌላ ፍለጋ እንደገና ቡሬ ሄድሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ማሽኑ አራት ቀን ቆመ። በዐቢይ ጾም አራት ቀን ለአባቴ ብዙ ነበር።

በእነዚያ አራት ቀኖች አባቴ አንድም ጊዜ አላማረሩም። እኔ ግን ተነጫነጭሁ። ራትም ሳቀርብ እነጫነጫለሁ፣ እሳቸውን ስደግፍም እነጫነጫለሁ። አንድ ቀን ጧት ጋቢያቸውን እያስተካከልሁ ሳለ እጄን ያዙት።

«ልጄ፣ የታመምሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አሉኝ።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነበር። ስቅለት ቢደርስና ባይችሉ፣ ጉልበታቸውን ያደረቀው የወደቁበት እርከን ሳይሆን የኔ ማሽን ነው የሚሆነው።

ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ለራሴ አደረግሁት። በፑሊዎቹና በቀበቶው ላይ ባንድ መስመር በጠመኔ ምልክት አሰመርሁ። ገጭታው ሲመለስ ምልክቶቹን አየሁ፤ ጥርሱ አልዘለለም፣ ፑሊዋም አልተንሸራተተችም። ስለዚህ ጥፋቱ ከቀበቶው ልልነት ብቻ ነው። ቀበቶው ደግሞ በጣት ሲጫኑት እኔ ከተውሁት ልክ እጥፍ ይረግባል። ራሱ ረዝሟል እንዳልል፣ ውስጡ ሽቦ ያለው ቀበቶ አይረዝምም። ደብተር አወጣሁና ገጭታው የታየባቸውን ቀኖች መዘገብሁ።

አብዛኞቹ ሰኞ ናቸው። የቀሩት፦ አሥራ ሦስት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ።

ሳይሠራ ሲውል ነው የሚላላው ብዬ አሰብሁ፤ ምክንያቱም አባቴ አንዳንድ ቀን፣ ከቀደመው ማታ ጀምሮ፣ ማሽኑ ላይ አይተኙም። «ዛሬ ይቅር» ይሉኛል፤ እኔም አንድ ቀን ቢያርፍ አይጎዳም ብላ ባለሙያዋ ስለነገረችኝ እተወዋለሁ። ስለዚህ ሞከርሁት። አባቴ ይቅር ሳይሉኝ አንድ ማክሰኞ ማሽኑን ሳላስነሣ አዋልሁት። ረቡዕ ጧት ብሞክረው ቀበቶው አልረገበም። ጋሪዋ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ቀጥ ብላ መጣች።

በዚያ ቀን በእረፍት ሰዓት ደብተሬን ገልጬ ተቀመጥሁ። አሥራ ሦስት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ። የጎጃም ልጅ ነኝ። ያደግሁት ሚካኤል በአሥራ ሁለት፣ ማርያም በሃያ አንድ፣ መድኃኔ ዓለም በሃያ ሰባት፣ በዓለ እግዚአብሔር በሃያ ዘጠኝ እየተባለ ነው። እነዚህን ቀኖች ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ እኔ ግን ተምሬ ስላበቃሁ ነው መሰለኝ፣ እስከዚያች ደቂቃ አልታየኝም። ማሽኑን ያላላው ሥራ መፍታት አይደለም። ማሽኑ በዓል ያከብራል።

ማታ ለአባቴ ነገርኋቸው።

«አባባ፣ በሬዎ በዓል አክባሪ ነው። በየበዓሉ ማግሥት ይላላል።»

ወደ ጣሪያው ቀና ብለው አዩ።

«የማርያም በዓል አክባሪ መሆን ይከፋል?» አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ።

እንዲህ ነው እንግዳ ነገር ሲገጥማቸው የሚያደርጉት። እኔም ይህን ጣሪያ ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የሚደብቁት ነገር ሲኖር ነው። የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያ ልሄድ ነው ብዬ ዘንቢሌን አንሥቼ ወጣሁ። ከጎረቤት አጥር ጥግ ትንሽ ቆምሁና ተመለስሁ።

በሩ ገርበብ ብሏል። አባቴ አልጋው ላይ የሉም። ከግርጌው፣ ወለሉ ላይ ሆነው፣ አንገታቸውን አጎንብሰው ብሎኑን ያዞራሉ። ቀበቶው ረግቧል።

«አባባ! እርስዎ ነዎት?» አልሁ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ብሎኑ ተጄ እንዳያመልጥ።»

«ሁለት ወር ሊሞላ ነው! እኔ ኩሽኔት ስቀይር፣ ዘንግ ስሞርድ፣ ቡሬ ስመላለስ...»

«ነገ ሆሳዕና ነው» አሉ፣ ዞር ሳይሉ። «በሬ ተቀንበር ሲወጣ ጠፍሩ ይላላለታል። ተወጥሮ የሚያድር ጠፍር ይደርቃል፣ ይበጠሳል። ይህስ ስለኔ አይደል ሳምንቱን ሙሉ ሲጎተት የሚውል? አንቺ አታሳርፊው፤ እኔ አሳርፈዋለሁ አልሁ።»

«ታዲያ ሲያበቃ እንደነበረ ለምን አያጠብቁትም?»

«አጠብቀዋለሁ እንጂ! ግን እንዳንቺ አላንቀውም። ሞፈርም ትንሽ ካልተላወሰ ይሰበራል። እፍኝ የማትሞላ ሥፍራ ተውሁለት።»

ያቺ እፍኝ የማትሞላ ሥፍራ ናት ስንት ጧት «ወይኔ» ያሰኘቻቸው። ይህ ጠፍር አይደለም፣ ላስቲክ ነው፣ ውስጡ ሽቦ አለው፣ አይደክምም፣ አይራብም፣ ቅዳሜና ማክሰኞ አይለይም እያልሁ ትምህርቴን ጀመርሁ። ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ጣቴንም ቀሥሬያለሁ። እሳቸው ከታች ሆነው ሲያዳምጡኝ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ስቆጣ፣ ድንገት አየኋቸው።

ከታች ናቸው። አባቴ ወለሉ ላይ ናቸው።

ጋቢያቸውን አልጋው ላይ ጥለውታል። ግራ እጃቸው የአልጋውን እግር ይዟል። ሁለቱም ጉልበታቸው መሬት ነክቷል፤ ጤነኛውም፣ የተሰበረውም። ቀኝ እግራቸው ከሥራቸው ታጥፏል፤ ከተረከዛቸው እስከ መቀመጫቸው አንድ ስንዝር አይሞላም። የኔ ማሽን ያን ጊዜ ያደረሳቸው ሁለት ስንዝር ላይ ነበር።

«አባባ» አልሁ። «ተንበርክከዋል እኮ።»

«ታዲያ ብሎኑን የት አስቀመጥሽው?» አሉ።

ዘንቢሉን ጥዬ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። እንዴት እንደሆነ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወርዱ ቀኝ እግራቸውን እንደ ዘረጉ በመቀመጫቸው ተጎትተው ነበር። ለመነሣት የፈጀባቸውን ጊዜ እንዳልጠይቃቸው ለመኑኝ። በሚቀጥለው በዓል ትንሽ አጠፉት፤ በሚቀጥለው ደግሞ ትንሽ። በበዓል ዋዜማ ለማላላት አንድ ጊዜ፣ በበዓሉ ማግሥት ንጋት እኔ ሳልነሣ ለማጥበቅ አንድ ጊዜ ይወርዳሉ። ማሽኑ ሳምንቱን ያለዝበዋል፣ እሳቸው በበዓል ይፈትኑታል።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ስግደት እስኪሆን ድረስ አፌን ሞልቼ ምን እላለሁ?» አሉ። ከዚያ ቀበቶውን አየት አደረጉት። «ደግሞ እንዲህ ለፍተሽ የሠራሽው ነው። ጉልበቱ ያለሱም ወለል ይነካል ብልሽ፣ ልፋቴ ከንቱ ነው ብለሽ እንዳይከፋሽ ፈራሁ።»

አፈርሁ፤ ደስም አለኝ። ሁለቱም ባንድ ላይ መጡብኝና የምይዘው ጠፍቶኝ የተሰበረውን ጉልበታቸውን ያዝሁት። ሙቅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የማሽኑን ልልነት ስለካ፣ ይህን ጉልበት በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። እሱን ለባለሙያዋና ለጋሪዋ ትቼው ነበር።

አርብ፣ የስቅለት ዕለት፣ በጧት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እሳቸው ወደ ወንዶቹ፣ እኔ ወደ ሴቶቹ ተለያየን፤ እኔ ግን እሳቸውን የማይበት ቦታ ፈልጌ ነው የቆምሁት። ዜማው ሲጀመርና ሰው ሁሉ መውደቅ ሲጀምር ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሕዝቡ ወርዶ ተነሣ፤ እሳቸው እንደ ቆሙ ናቸው። እንደገና ወርዶ ተነሣ። ከዚያ ዱላቸውን ጎናቸው ላይ አስተኙት፣ ሁለት እጃቸውን መሬት አስነኩ፣ ግራ ጉልበታቸውን አወረዱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ቀኙን። ግንባራቸው መሬት ነካ። ለመነሣት ከሰው ሁሉ ዘገዩ፤ ተነሡ ግን። አጠገባቸው የነበሩ ሰው ክንዳቸውን ሊይዟቸው እጅ ሲሰነዝሩ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ከለከሏቸው። ከዚያም እንደገና ወረዱ።

እኔ አለቀስሁ። በስቅለት ቀን የሚያለቅስን ሰው ምን ሆነሽ የሚል የለምና እንደ ልቤ አለቀስሁ።

ማምሻውን ቤት ስንገባ አባቴ ደክሟቸዋል። ካልጋው ጫፍ ተቀመጡ፣ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ልብሳቸው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ አፈር አለ። አላራገፉትም፣ እኔም አላራገፍሁላቸውም።

«ዛሬ አልወርድም፤ በቃኝ» አሉ። በአገጫቸው ወደ ግርጌው አመለከቱኝ። «ፍቺለት።»

ትምህርቴን አልጀመርሁም። ስለ ላስቲክም፣ ስለ ሽቦም አንዲት ቃል አልወጣኝም። እሳቸው ይወርዱበት በነበረው ቦታ ተንበርክኬ፣ አንገቴን አጎንብሼ፣ ብሎኑን ሦስት ዙር ፈታሁት። ቀበቶው ረገበ። ከወለሉ ላይ ሆኜ ቀና ብል፣ እጃቸውን ዘርግተውልኛል።

«ነይ ተነሽ» አሉኝ። «አንቺም እረፊ።»

የዘረጉትን እጅ ይዤ ተነሣሁና አጠገባቸው ተቀመጥሁ።